ቅቤ የነካው ግድግዳ

በቅርቡ ደብረ ታቦር ለተከራየሁት ቤት አዲስ ቁም ሳጥን አስገባሁ። የቫርኒሹ ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ በሩን ስከፍተው ዓይን ያቃጥላል። አከራዬ በበሩ ባለፉ ቁጥር «መስኮት ክፈቺ እንጂ ልጄ፣ ራስሽን ያዞረዋል!» ይሉኛል። እሺ እላለሁ እንጂ አልከፍትም። ያን ሽታ ወድጄው አይደለም። ግን ሲሸተኝ አባቴና እህቴ አንድ ክፍል ውስጥ ይመጡልኛል፣ ሌላ የሚያመጣልኝ ነገር ደግሞ የለም።

አባቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ በነበረች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አናጢ ነበሩ። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ አንዳንዴም ለቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ይሠሩ ነበር። የተንጋደደ ነገር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ አግዳሚው ከተነቃነቀ ጎንበስ ብለው እግሩን ይመረምሩ ነበር። እናቴ «የሞተውን ትተው ወንበሩን አለቀሱለት» እያለች ትስቅባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁ ነበር፣ ያኔ።

ታናሽ እህቴ ልቧን ታመመች። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ነበር ያማት፤ ያልፋል ተባለ። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ። ከዚያ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ትንሽ ዳገት መውጣት አቃታት። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታ ስትመረመር ሐኪሙ ለአባቴ የልቧ አንዱ በር በደንብ እንደማይዘጋ ነገሯቸው። አባቴ «በር ከሆነማ...» አሉ። አልጨረሱትም። ያንን በር የሚያስተካክሉት አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው ብዙ ነው፤ ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን ተብለን ተመለስን። እናቴ ስልኩን ኔትወርክ የሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ቦታ እንዳይነሳም ለሁላችንም ነገረች።

በሆስፒታሉ የልጆች ክፍል አንድ ደግ ሰው የሰጠው የአሻንጉሊት ቤት ነበር። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ውስጡ ሁሉ ይታያል። እህቴ እዚያ ቤት ፊት ተቀምጣ ስትውል ሕመሟን ትረሳው ነበር። አገራችን እንደገባን አባቴን እንዲህ ያለ ቤት ይሥሩልኝ አለቻቸው።

«ግድግዳ የሌለው ቤት? ብርዱስ? ጅቡስ?» አሉ አባቴ።

«ምን አለበት አባዬ፣ የዚያ ቤት ጅብም እኮ ትንሽ ነው» አለች።

ያን ክረምት ቤቱ ተሠራ። አባቴ ሥራቸውን ከሱቅ ወደ ቤት አመጡትና ከእህቴ አልጋ አጠገብ ኮምፔንሳቶ ይቆርጡ ጀመር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቤቱ ኮላ ኮላ ይሸታል፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለሰልሳለሁ። እህቴ ከአልጋዋ ሆና ታዛለች፤ መስኮቱ ወዲህ ይሁን፣ ደረጃው ይስፋ፣ የታመመ ሰው መውጣት አለበት። አባቴ የማንንም ትእዛዝ እንዲህ ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እናቴ የእህቴን ራስ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ትቀባታለች። «ጾሙ ለአፍ ነው እንጂ ለራስ አይደለም» ትል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃት። በእኛ ቤት ደግሞ አዲስ ቤት ደረቁን አይገባም፤ መቃኑ ቅቤ ተቀብቶ፣ ተመርቆ ነው የሚገባው። እህቴ ይህንን ታውቃለች። ቤቱ ተገጣጥሞ፣ ገና ቀለም ሳይነካው፣ ከራሷ ላይ ቅቤ በጣቷ እየወሰደች በጎኑ ያለውን የትንሹን በር መቃን ግራና ቀኝ ቀባች። ከዚያም ቤቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አባቴ ሱቅ ነበሩ። እናቴና እኔ አየናት፤ ስላማረችን ሳንቀሰቅሳት ተውናት።

በማግስቱ አባቴ ቡናማውን የቀለም ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ መቀባት ጀመሩ። እንጨቱ አንዱ ቦታ ላይ ቀለሙን ጠጣ፣ አንዱ ቦታ ላይ እምቢ አለ። መቃኑ ላይ የትንንሽ ጣቶች ምልክት ነጥቶ ቀረ። ግድግዳው ላይ ተኝታ ሳለ ራሷ ያረፈበት ክብ ነጥቶ ቀረ። አባቴ ደግመው አበሱት፤ ቀለሙ ቅቤው ላይ እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ወረደ።

እህቴ ግን ሳቀች። የዚያን ክረምት ትልቁ ሳቋ እሱ ነበር፤ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት አቋረጠችው። «ሰው የኖረበት ቤት ሆነ እኮ!» አለች። «ይኸ እናትየዋ ተደግፋ ቅቤዋ የነካው ነው። ይቺ ደግሞ ልጅቷ ናት፣ በሩን ይዛ አባቷን ስትጠብቅ። አባዬ፣ ይበቃል፤ ይስጡኝ።»

እውነቷን ነበር። የእኛም ቤት ግድግዳ፣ እናቴ ከምትቀመጥበት መደብ በላይ፣ የራሷ ቅቤ ያረፈበት ቦታ አለው። ያንን ያላየ የአገራችን ልጅ የለም። አባቴ ግን «እንዲህ ዥጉርጉር ሆኖማ ከእጄ አይወጣም። ነገ ትወስጂዋለሽ» አሉ።

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። በአመድና በሳሙና አጠቡት፤ እንጨቱ አበጠና ጸጉሩ ተነሳ። በነጭ ጋዝ አሹት፤ ቅቤው ከመልቀቅ ይልቅ ተስፋፋ። በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ኮምፔንሳቶ ደግሞ በንብርብር የተጣበቀ እንጨት ስለሆነ ላይኛው ልባሱ ስስ ነው፤ ተፍቆ ሲያልቅ ከስሩ አግድም የሚሄደው እንጨት ብቅ አለ። እሱ ደግሞ ቀለሙን ያለ ልክ ጠጥቶ ጠቆረ። ነጩን ሲሸሹ ጥቁር መጣባቸው። አባቴ ይህ እንደሚሆን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ እጃቸው ማቆም አቅቶት ነው።

እህቴ ተጋድማ መተኛት ትታ በትራስ ተደግፋ፣ ተቀምጣ ማደር ጀምራ ነበር። ጠዋት ስትነቃ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ቀለሙ ያዘ?»

እናቴ አላስችል ብሏት «አንቱ ሰው፣ ልጂቱ ወዳዋለች እኮ! እንዲሁ ይስጧት» አለች።

«ይስተካከላል አልኩሽ!» ብለው ጮኹባት። አባቴ ጮኸው አያውቁም።  ልጅ ብሆንም ያኔ ገባኝ፤ ስለ እንጨቱ አልነበረም የሚጮኹት። አንዱን በር ማንም እንዲነኩት አልፈቀደላቸውም፤ የቀራቸው ይኸኛው ነበር።

በመጨረሻ ከወገዳ የመጣ ሰው ጥሩ የደረቀ የዋንዛ ጣውላ አመጣላቸው። አሳስተው ልገው በሩ ያለበትን የጎን ግድግዳና መቃኑን እንዳለ ቀየሩት። ቤቱን ከእህቴ አልጋ አርቀው ሱቅ ወስደው ነበር የሠሩት፣ እጇ እንዳይነካው። እሷ እቤት፣ ቤቷ ሱቅ። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ጥቂት ቀን ነበር የቀራት፤ በዚያ ጥቂት ቀን ውስጥ ልትጫወትበት ትችል ነበር።

ስልኩ አልደወለም። እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ቀበርናት። ስለ ቀብሩ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ እንጂ እኔ ብዙም አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ አባቴ ቤቱን ይዘውላት የገቡበትን ጠዋት ነው።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ቤቱ ላይ አርፎ ሲታይ፣ እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ያማረ እንጨት አይቼ አላውቅም። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ቫርኒሹ ያብለጨልጫል። አባቴ አልጋዋ ላይ፣ እግሯ አጠገብ አስቀመጡትና ፊቷን ያዩ ጀመር፣ ፈተና እንደሚታረምለት ተማሪ።

እህቴ ትኩር ብላ አየችው። እጇን አልዘረጋችም።

«የማን ቤት ነው?» አለች።

«ያንቺ ነዋ፣ የኔ ዓለም! ያንቺ!»

«አይ» አለች፣ በጣም በቀስታ፤ ያኔ እያንዳንዱ ቃል ያደክማት ነበር። «የኔ ቤት ሰው ነበረበት።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  አባቴ የቅቤውን ዋንጫ ከራስጌዋ አንስተው ጣታቸውን ነከሩና ተንበርክከው የትንሹን በር መቃን ቀቡት፣ ግራና ቀኝ። ግድግዳውንም የራሷ ክብ በነበረበት ቦታ ቀቡት። ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት ቅቤ አይቀበልም፤ ይህንን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቅቤው እየተንሸራተተ ወርዶ አንሶላው ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳቸው መልሰው ይቀባሉ።

«ይተዉት አባዬ» አለች እህቴ። «ደክሞዎታል።»