የኢንዛይሙ አባት ማነው?

እጄ ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ሲለኝ የልብስ ሳሙናው ነው ብዬ ነበር። የምሠራው ጅቡቲ፣ ማዕከላዊ ገበያ ሱቅ ካላቸው የድሬዳዋ ሰዎች ቤት ነው፤ የማድረውም እዚያው። ልብስ መጭመቅ ጭራሽ ሲያቅተኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ።

ሐኪሙ የጅቡቲ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ስለተማረ በአማርኛ አስረዳኝ። በሽታ የሚዋጉት ሴሎች ከውጭ መልእክት ሲደርሳቸው፣ ውስጣቸው ያሉ ኢንዛይሞች ተቀባብለው «ተነሡ» ይላሉ፤ ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ «በቃ» ብለው ያጠፉታል።

«ያንቺን ሴሎች በቃ የሚላቸው የለም። ጠላት ሳይኖር መገጣጠሚያሽን ይወጋሉ» አለኝ።

እኔ አስረኛ ክፍል የተማርኩት ኢንዛይም ምግብ ይፈጫል ብቻ ነው። አስተማሪያችን ለፈተና ከሚመጣው ውጭ ትንፍሽ አይልም ነበር።

ኮርቲዞን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። «የ‹ተነሡ›ን ጩኸት ይቀንሰዋል። ፊትሽ ያብጣል፣ አትደንግጪ። በራስሽ ግን እንዳታቆሚው።»

እጄ ተፈታ። ፊቴ ተነፋ። የቤቱ እመቤት ሆዴን ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን ከሰዓት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጫት ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«አንቺ፣ ማነው?»

«ማን ምኑ?»

«አባቱ!»

«መድኃኒት ነው እትዬ። ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፣ እሱ…»

«እሺ፣ የኢንዛይሙ አባት ማነው?»

ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሠራተኛ ፊቷ ከሞላ አርግዛለች፤ ቤቱ ውስጥ ጎረምሳ ካለ ደግሞ ከእሱ ነው። ስለ እኛ የሚታሰበው ይኸው ነው። እትዬ ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ አስገዝተው መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እርግዝና የለም።

«ታዲያ ይህን መመርመሪያ ለሰው ሁሉ እያሳየሁ ልዙር? ወይ ክኒኑን ተዪ፣ ወይ ቤቴን።»

የት እሄዳለሁ? ክኒኑን ተውኩት።

ፊቴ ጎደለ። እትዬ «አሁን ሰው መሰልሽ» ብለው ለብሰው የተዉትን አንድ ቀሚስ ሰጡኝ። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቼ ከቀድሞው በባሰ ተቆለፉ። መጀመሪያ ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ፣ ቀጥሎ ወጥ እንደያዘ ድስት።

«በዚያ ፊትሽ ብትቆዪ ይሻል ነበር። ያኔ ቢያንስ ትሠሪ ነበር» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት ያስተዉኝ!»

«እኔ ሐኪም ነኝ? የተማርሽው አንቺ!»

በማግስቱ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ አመጡ። የሻንጣዬን ዚፕ መዝጋት ሲያቅተኝ አይታ እሷ ዘጋችልኝ። አመሰግናለሁ አላልኳትም።