የኖሪን ሚሞዛና የዋርሳዋ ክብሪት

ኖሪን ከሙቅ ቤቱ ወጥታ ቀና ስትል፣ ዋርሳዋ ባቲስቲን የደረቀ ቁጥቋጦ ተሸክሞ ወደ መሬታቸው ድንበር ሲወጣ አየችው። ይሄ ሦስተኛ ሸክሙ ነው። የመጀመሪያውን ስታይ ለምድጃው መስሏት ነበር። ሁለተኛውን አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በሦስተኛው ግን ገባት፤ ያን ሁሉ ጭራሮ ድንበር ላይ የሚከምር ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።

ዞር ብላ ባሕሩን አየች። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ጠርቷል። ሌላ ጊዜ ጭጋግ የሚሸሽጋቸው ደሴቶች እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ መስለዋል። በታኔሮን ኮረብታ ያረጀ ሰው ይህን ሲያይ ያሰጣውን ልብስ ይሰበስባል፤ ቀትር ላይ ሚስትራል ይነሳል ማለት ነው። ያ ነፋስ ሲነፍስ ሰው የቤቱን ምድጃ እንኳ በፍርሃት ነው የሚያነደው።

ሙቅ ቤቱ ውስጥ የዓመቱ የመጨረሻ የሚሞዛ አበባ ቆረጣ ባልዲ ውስጥ ቆሟል። ሚሞዛ እንቡጥ እያለ ተቆርጦ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ሁለት ቀን በእንፋሎት ታፍኖ ነው እንደ ጫጩት ላባ ቢጫ ሆኖ የሚፈነዳው። እስኪፈነዳ ድረስ የሚፈላው ውሃ መጉደል የለበትም። ከጎደለ እንቡጡ ደርቆ ይረግፋል፤ አበባውን የሚገዙት የሰሜን ሰዎችም ጭራሮ አይገዙም። ኖሪን ድስቱን ገልጣ አየች፤ ውሃው ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢያቆይ ነው። በሩን ዘጋችና ሽርጧን እንደታጠቀች ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ዛፎቹን የተከለው ባሏ ሴቬረን ነበር፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት። ያን ጊዜ ሚሞዛ የተከለ ሁሉ ብልህ ይባላል። በዓመቱ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ በሦስተኛው ያብባል። ሌላው አገር በብርድ ሲኮማተር ይሄ ኮረብታ ቢጫ ይለብሳል፣ አበባው በሳጥን ሆኖ በባቡር ይሄዳል። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሚሞዛ ግን መሬት ለመሬት እንደሚሄድ ያኔ ማን አሰበ? ሥሩ ከድንበሩ በታች አልፎ በባቲስቲን እርከን ውስጥ ብቅ አለ።

ባቲስቲን የሴቬረን ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚስት ያላገባ፣ ከአባቱ የወረሰውን ወይራ እንደ ልጅ የሚያቆላምጥ ሰው። በየብርዱ ወራት ሚሞዛውን በገጀራ ይጨፈጭፈዋል፤ አንዱ በተቆረጠበት አምስት ይወጣል። ዘንድሮ የላይኛው የድንጋይ ካብ በሥሩ ተገፍቶ ተናደ። ሁለት ወይራዎች ጥላ ውጧቸው ፍሬ ሳይዙ ቀሩ። ሴቬረን ከሞተ ወዲህ ኖሪንና ዋርሳዋ ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ስትደርስ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አይታይሽም? የወንድሜን ጫካ ላሞቀው ነው። በርዶታል።»

«ባሕሩን አይተኸዋል ዛሬ?»

«ባሕር ላይ ምን ሥራ አለኝ? ዓሣ አጥማጅ ነኝ?»

«ነፋስ ይመጣል ባቲስቲን። እሳት ደግሞ ሽቅብ ነው የሚሮጠው። ቤቴን፣ ኮረብታዬን ይዞ ነው የሚነሳው!»

«ሳይነፍስ እጨርሳለሁ። ደግሞ ምን አስፈራሽ? የማይሞት ዛፍ ነው እያላችሁ ስትመኩ አልነበር?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፤ አይሞትም!»

ወይራው ሥር ተንበረከከችና አፈሩን በጥፍሯ ጫረች። እፍ ስትለው መዳፏ ላይ ጥቋቁር ፍሬዎች ቀሩ።

«ምንድን ነው? የአይጥ ኩስ?»

«የሚሞዛ ዘር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከላይ ሲረግፍብህ የኖረ። ቅርፊቱ ድንጋይ ስለሆነ ተኝቷል። ሴቬረን ሲዘራ ምን እንደሚያደርግ አላየህም?»

«የፈላ ውሃ ያፈስበታል» አለ ባቲስቲን እየተነጫነጨ። «አይቻለሁ። ሻይ የሚያፈላለት ነበር የሚመስለኝ።»

«ለምን ይመስልሃል? ሙቀት ካላገኘ አይነቃማ! አንተ አሁን ልታቃጥለው አይደለም የመጣኸው። ልትዘራው ነው።»

ባቲስቲን ለአፍታ መዳፏን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልቆየም።

«ወንድሜም እንዲህ ነበር። ለሁሉ ነገር መልስ ነበረው። እኔ ግን እርከኔ በመልስ አልተጠገነም» አለና ክብሪቱን ጫረው።

ጭራሮው ወዲያው ያዘ። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ባቲስቲን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አየሽ?» በሚል ዓይን አያት። ጢሱ ግን እንደ ጎበጠ ሰው አጎነበሰ። ቀጥሎ ጭራሹን ተኛ፣ ወደ ኮረብታው። ቀትር ገና አልሆነም፤ ነፋሱ ግን ማንንም አልጠበቀም። አንድ የእሳት ምላስ ዘሎ ደረቁን ሣር ያዘ፤ ከዚያ እስከ ሚሞዛው ሦስት እርምጃ ነው።

«አፈር! አፈር ድፋበት አንተ ደንቆሮ!»

ባቲስቲን አካፋውን አነሳ። ኖሪን ሽርጧን በጥሳ መደብደብ ጀመረች። «ከግራ! ከግራ ሊያመልጥሽ ነው!» ይላል እሱ፤ እሷ ትዞራለች፤ ከቀኝ ይነሳል። ኮቱን አወለቀና እሳቱ ላይ ጣለው፣ ላዩ ላይ ቆሞ ረገጠው። የመጀመሪያው ዛፍ የታችኛው ቅጠል ተንጣጣ፤ ኖሪን ቅርንጫፉን በባዶ እጇ ጎትታ ሰበረችው። ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ሁለቱም አያውቁም። ጥቁር አመድ ብቻ ሲቀር እዚያው ዝርግት ብለው ተቀመጡ። የባቲስቲን የአንድ ዓይኑ ቅንድብ የለም።

የተቃጠለው አንድ የአልጋ ልብስ የሚያህል ቦታ ነበር። በሚያዝያ ዝናቡ ሲያባራ ያ ቦታ እንደ ሕፃን ፀጉር የተጠጋጋ ችግኝ አበቀለ። ባቲስቲን አንድ ሳምንት ሙሉ ተንበርክኮ እየተራገመ በጣቱ ሲነቅል ከረመ። ያ ግን በኋላ የመጣ ነው።

«ኖሪን» አለ። በስሟ ከጠራት ስንት ዓመቱ! «ታዲያ ምን ላድርግ? ወይራዎቼ እኮ ከእኔ ቀድመው ሊሞቱ ነው።»

ቀና ብላ ድንበሩን አየች። አሥራ አንድ ዛፎች፣ ከኮረብታው ሁሉ አበባቸው የሚበልጥ፤ ወደ ታች የሚወርደው ሥር ሁሉ የእነሱ። እነሱ በሕይወት እያሉ ያ እርከን እንደማያርፍ ከጅምሩ ታውቀው ነበር። ማወቅና ማለት ግን ለየቅል ነው።

«እነዚህን እገድልልሃለሁ» አለች።

«ልትቆርጫቸው?»

«ከቆረጥኳቸው ሥሩ ይቆጣል፤ መቶ ሆኖ ነው የሚወጣብህ። ልጣጫቸውን ነው የምገፈው፣ ከደረት እስከ መሬት፣ ዙሪያውን። ከላይ የሚወርደው ምግብ ይቋረጥና ሥሩ ሳያውቀው ይራባል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ቢፈጅ ነው።»

«ሦስት ዓመት!»

«ሠላሳ ዓመት ታግሰህ የለ? ቢላህን አምጣ።»

የካቲት ማለቂያ ስለነበር ዛፉ ውሃ መሳብ ጀምሯል፤ ልጣጩ እምብዛም አላስቸገረም። ቢላውን እየተቀባበሉ አንዱን እሷ፣ አንዱን እሱ እያሉ ሄዱ። ነፋሱ ከላይ ያጓራል፤ ቢጫው ዱቄት ትከሻቸው ላይ ይረግፋል።

«የድስትሽ ውሃ አላለቀም?» አላት አምስተኛው ላይ።

«አልቋል።»

«አትሄጂም?»

«ከሄድኩ አልመለስም። ዝም ብለህ ግፈፍ።»

መጨረሻዋ ዛፍ ላይ ሲደርሱ ባቲስቲን ቆመ። ሴቬረን ሊሞት ሰሞን ወንበሩን አውጡልኝ ብሎ የሚቀመጠው እሷ ሥር ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። ባቲስቲን ቢላውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ይቺ ትቅር» አለ። «ጥግ ላይ ናት። አታስቸግረኝም።»

ትቅር ማለት ፈለገች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እግሯ ሥር ስታይ፣ ጣት የምታህል አረንጓዴ የሚሞዛ ቡቃያ ከካቡ ስንጥቅ ወጥታ ወደ ወይራው አዘንብላለች።

«ቢላውን ስጠኝ።»

«እኔ እኮ ተውኩት ኖሪን። ከልቤ ነው።»

«እኔ አልተውኩትም። ስጠኝ።»

ከደረቷ ትክክል ቆርጣ ወደ ታች ሳበችው። ልጣጩ እርጥብ ሆኖ በአንድ ረጅም ጥብጣብ ለቀቀ፤ ከሥሩ ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ልስልስ ያለ እንጨት ወጣ። መዳፏን አሳርፋበት ትንሽ ቆየችና ወደ ቀጣዩ ጎን ዞረች። ወገቧ እምቢ ብሎ መጎንበስ ሲያቅታት ባቲስቲን ቢላውን ከእጇ ተቀብሎ ተንበረከከ፤ ከጉልበት በታች ያለውን እሱ ገፈፈው።