ለአጋዘን የተዘራ ስንዴ

ልጅ እያለሁ፣ መስከረም ሲጠባ አባዬ የሚዘራው ለአጋዘን ነበር። አዎ፣ ለአትላንታ አጋዘን! በሥራ ቀን ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፤ ቅዳሜ ደግሞ የፓርኪንጉ ባለቤት ሚስተር ዌይን በፒክአፑ እኛ የምንኖርበት ስኮትዴል ድረስ መጥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው መሬቱ ይወስደናል። እኔ የምሄደው ለማስተርጎም ነው። ከቤቱ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሚስተር ዌይን ጫካው መሐል ባስመነጠራት መሬት ላይ ስንዴ፣ አጃና ማገጥ የሚባለውን የመኖ ሣር እንዲዘራለት ፈለገ። "ለአጋዘኖቹ ነው፤ ብርዱ ሳይገባ ይብሉ" ሲል እንዳለ ተረጎምኩ። አባዬ አርሲ ሳለ ገበሬ ነበር፤ ለአውሬ ብሎ የሚያዘራ ሰው ግን አይቶ አያውቅም። ማታ ለእማዬ "ለነፍሱ ያደረ ሰው ነው" ብሎ ነገራት። እሷም "ለአውሬ የራራ ለሰው አይጨክንም" ብላ መረቀችው። በግ ቀልበን ለፋሲካ የምናርድ ሰዎች፣ ነገሩ እንዴት እንዳልገባን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያናድደኛልም።

አባዬ የመዝሪያውን ማሽን አልነካም አለ። ዘሩን በባልዲ ይዞ፣ "ለአላፊ አግዳሚው፣ ለወፉ፣ ለአውሬው" እያለ በእጁ በተነው። ሚስተር ዌይን ምን እያለ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ጸሎት ነው አልኩት። "ይጸልይ፣ ይጸልይ፤ ይጠቅመናል" ብሎ ሳቀ።

ማሳው ሲለመልም አጋዘኖቹ መጡ። ከእነሱ መሐል ጆሮዋ የተቀደደ አንዲት ነበረች፤ ለምለም አልኳት። ከማሳው ዳር ስቀመጥ አትሸሽም፤ ማገጡን እያኘከች ታየኛለች። የተነጨው ማገጥ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ትምህርት ቤት ልጆቹ በስሜ ይስቁብኝ ስለነበር ጓደኛ አልነበረኝም፤ ቅዳሜን የምናፍቀው ለእሷ ብዬ ነው።

ብርዱ ሲጀምር ሚስተር ዌይን ጠመንጃውን ይዞ ዛፍ ላይ ወዳሠራው መቀመጫ ወጣ። ያኔ ገባን። አባዬ ፊቱ ጠቆረ፤ ግን እንጀራው በሰውየው እጅ ነውና ሥራውን ቀጠለ። ሚስተር ዌይን አንድ ወንድ አጋዘን ጥሎ ሥጋ ሊሰጠን ሲል ግን፣ "በክት ነው። በስመ አብ ብለን ያላረድነውን አንበላም በይው" አለኝ። ነገርኩት። አልተቀየመም፤ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እኔም ቀጠል አድርጌ፣ ጆሮዋ የተቀደደችውን እንዳይነካብኝ ለመንኩት። "እሺ፣ የኔ ቆንጆ" አለኝ። አመንኩት።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ጥይት ጮኸ።

"አባትሽን ጥሪው! ነፍሷ አልወጣም! ጸሎቱን እንዲያደርስ ብዬ ነው ሁለተኛ ያልተኮስኩት!" እያለ ሚስተር ዌይን ከዛፉ ላይ በደስታ ተጣራ።

ሮጥን። ለምለም ወገቧን ተመትታ በፊት እግሮቿ ብቻ አፈሩን ትቧጥጣለች። እኔን ስታይ መቧጠጡን ተወች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

"አባዬ ፕሊስ፣ ኖ በለው!"

"ልጄ፣ አሁን ኖ ቢባል ማንን ያድናል? ይልቅ ጭንቅላቷን ያዢልኝ።"

ያዝኩለት። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በስመ አብ አለ። ሚስተር ዌይን ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የተቀደደ ጆሮዋን ባሳየው፣ "ከላይ ሆኖ ጆሮ አይለይም፤ ሶሪ" አለኝ።

እማዬ ለቅበላ ቀይ ወጥ ሠራችው። ሐበሻ ጎረቤቶቻችን፣ ሃይማኖታችንን አከበረልን እያሉ ሚስተር ዌይንን ሲመርቁ አመሹ። እኔም በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። አባዬ ብቻ ጥርሴን አሞኛል ብሎ ሳይቀምስ ቀረ።

ዛሬ ደንዉዲ በሚባለው የአትላንታ ዳርቻ የራሴ ቤት አለኝ። አጋዘን ጓሮዬ ድረስ ይመጣል፤ እዚህ ሰፈር ማንም አይተኩስም፤ ጎረቤቶቼ እንዲያውም ፖም ይቆርጡለታል። ባለፈው ትንሿ ልጄ በረንዳ ላይ ሆና ካሮት ስትዘረጋ፣ አንዷ አንገቷን አስግጋ እጇ ላይ ልትደርስ ስትል አየሁ። ወጥቼ ድንጋይ ወረወርኩባት። ጎኗን አገኘኋት፤ ዘላ ጠፋች።

"ማሚ፣ ዋይ? ምን አደረገችሽ? ዩ አር ሶ ሚን!" ብላ ልጄ አለቀሰች።

ምንም አላደረገችኝም። የሰው እጅ አምና ልትበላ ነበር። ልጄን አላባበልኳትም፤ ተመልሳ ብትመጣ ብዬ ሌላ ድንጋይ አነሳሁ።