ከአምባሰል ይመጣል ያልኩት ውሃ

በ2011 ዓ.ም. የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ዕድሜዬን የጻፈልኝ የለም፤ እናቴ የነገረችኝን ይዤ ነው የምቆጥረው። ፊደልም የለየሁት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው።

በዚያ ዓመት በበጋው ድንጋይ የሚያጠና አንድ ሰውና ወፍ የምታጠና አንዲት ልጅ ወደ ሰፈራችን መጡ። ሰፈራችን ከሐይቁ በላይ፣ በአምባሰል ተራራ ግርጌ ነው። ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ ከሾላ ዛፍ ሥር፣ ምንጭ አለ። በመሬቴ ላይ ስለሚወጣ የእኔ ይባላል እንጂ የሚጠጣው ሰፈሩ ሁሉ ነው። መስጊድ የሚሄደው ሰው ውዱእ የሚያደርገው በእሱ ነው። የተረፈው ቁልቁል ወርዶ ሐይቁ ዳር ረግረግ ይሠራል፤ ረግረጉ ላይ ፊላ ይበቅላል፤ ፊላው ውስጥ ይብራና ሌላም የውሃ ወፍ እንቁላሉን ይጥላል። ልጅቱ የመጣችው ለዚህ ለረግረጉ ነው።

ስለ ምንጩ ከጎረቤቴ ጋር የቆየ ክርክር አለን። ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ባለው ሜዳ የሚኖር፣ እኩያዬ የሆነ ክርስቲያን ነው። ለፋሲካ ሲጠራኝ ለእኔ ብሎ በግ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል። በሌላው ነገር ሁሉ እንስማማለን። በእሱ ሜዳ ላይ ከተራራው የሚወርድ ጅረት አለ፤ ሜዳው መካከል ሲደርስ ድንጋይ መሐል ገብቶ ይጠፋል። ቦታውን መስመጫ እንለዋለን። ጎረቤቴ፣ ያንተ ምንጭ የኔ ጅረት ነው፣ እኔ ጋ ገብቶ አንተ ጋ ይወጣል ይላል። እኔ ደግሞ ምንጩ ከአምባሰል ሆድ በቀጥታ ይመጣል፣ የማንም ጅረት አይነካካውም እላለሁ። አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። ይህን ክርክር የጀመርነው ጎረምሶች ሳለን ነው። በደቦ ላይ ተከራክረናል፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ተከራክረናል፤ አንድ ጊዜም ግሸን ሄዶ ሲመለስ፣ ገና በትሩን ሳያስቀምጥ፣ በመንገድ ላይ አስቦበት የመጣውን አዲስ ማስረጃ ነገረኝ።

ሰዎቹ በመጡበት ጊዜ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በጎረቤቴ ሜዳ ላይ፣ ከመስመጫው አጠገብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሞተር ሊገባለት ታስቧል ተባለ። ድንጋይ አጥኚው ሰብስቦ ያስረዳን እንዲህ ነው፤ የመስመጫውና የምንጩ ውሃ አንድ ከሆነ ሞተሩ ሲስብ ምንጩ ይደርቃል፣ ከምንጩ ጋር ረግረጉም ይሄዳል፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። ሁለቱ ውሃዎች ካልተገናኙ ግን ጉድጓዱ እዚያው ይቆፈራል። የእሱ ሥራ ይህን ማወቅ ነው።

ጎረቤቴ ጉድጓዱን ይፈልገዋል። ሜዳው ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ውሃ ቢያገኝ በበጋ ሽንኩርት ያበቅላል። እኔ ምንጬን እፈልጋለሁ። እንግዲህ ለእኔ የሚበጀው የእሱ ክርክር እውነት ቢሆን ነው፤ ለእሱ የሚበጀው የእኔው። ይህ የገባኝ ስብሰባው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው።

ድንጋይ አጥኚው ወደ እኔ ዞረና፣ "አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ውሃው ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?" አለኝ።

"አይመስለኝም፤ ዐውቃለሁ። ከተራራው ነው" አልኩት።

ሰው ሁሉ ጎረቤቴ የሚለውን ለመስማት ዞረ። እሱ በበትሩ ጫፍ መሬቱን እየጫረ፣ "እኔ ምን ዐውቄ" አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ነበር። ውሃ ቀጂዋ እሷ ናት፤ ምንጩ ቢደርቅ እንስራና ጀሪካን ተሸክማ ሐይቁ ድረስ የምትወርደው እሷ ናት። ለአንዲት ቀን እንኳ አፍህን ይዘህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት አለችኝ። እውነቱን ነው የተናገርኩት አልኳት። እውነቱን ለውሃው ተውለት ብላኝ ወጣች።

ድንጋይ አጥኚው ግን በሰው አፍ የሚሠራ አልነበረም። ተራራውን ወጥቶ ወርዶ ድንጋይ እየሰበረ በአጉሊ መነጽር ያያል፣ አንዳንዴም በምላሱ ይቀምሰዋል። ጎረቤቴ፣ ይህ ሰው ጨው የሚሸጥለት አጥቷል መሰለኝ ይል ነበር። ልጅቱ ደግሞ ከንጋት ጀምራ ፊላው ዳር ትቀመጥና ወፍ ትመለከታለች፤ እንዳትረብሻቸው ስታስል እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው። ሁለቱም ትሑት ሰዎች ነበሩ። ምሳቸውን እኛው ጋ ይበሉ ነበር።

የውሃው ምርመራ እንዲህ ነው። መስመጫው ላይ ቀለም ይፈሳል። ቀለሙ ጥቂት ስለሆነ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በእኛና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ምንጮች አፍ ላይ ከሰል የያዘች ትንሽ የወንፊት ከረጢት በናይለን ክር ታስራ ትሰጥማለች። ቀለሙ ከመጣ ከሰሉ ይዞ ያስቀረዋል፣ በኋላ ደሴ ተወስዶ ይታያል። ድንጋይ አጥኚው ይህን ከጁምዓ ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ አስረዳ። መርዝ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁት ቀለሙን በጣሳ በጥብጦ ፊታችን ጠጣው። ለጎረቤቴ ስነግረው፣ ነገ ጠዋት ሽንቱ ምን እንደሚመስል ማየት ነው አለ። ሁሉ ነገር ደኅና ተነገረ፤ የተነገረው ግን ለወንዶች ነው። ምንጭ ወርዶ ውሃ የሚቀዳ ወንድ በሰፈራችን የለም።

ከረጢቶቹ ታሰሩ፣ ቀለሙም ፈሰሰ። ረመዳን ሲቃረብ ሴቶቹ ምንጩን ይጠርጋሉ። ያንንም ዓመት ወርደው ደለሉን አወጡ፣ ድንጋዩን አገላበጡ። ከድንጋይ ሥር፣ በክር የታሰረች፣ ውስጧ ጥቁር የሆነ ከረጢት ተገኘች። ያገኘቻት ባለቤቴ ናት። ሰው በሚጠጣው ውሃ ውስጥ ታስሮ የተቀበረ ጥቁር ነገር እኛ አገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ሲሕር ነው፣ ድግምት። ማን እንዳስቀበረውም ወዲያው መገመት ተጀመረ፤ አንዲት ምራትና አማት እስከ ኢድ ሳይነጋገሩ ከረሙ። ባለቤቴ ከረጢቷን በእንጨት አንጠልጥላ ወደ ሼኩ ወሰደቻት። ሼኩ ያን ጁምዓ ለተዝያ፣ ለቅሶ ሊደርሱ፣ ሌላ አገር ሄደው ስለነበር አልሰሙም። ቁርአን ቀሩባት፣ ከዚያም እሳት ውስጥ ጨመሯት። ከሰል ነውና ደኅና አድርጎ ነደደ።

ድንጋይ አጥኚው መጥቶ ክሩን ሲፈልግ ክር የለም። ነገሩ ሲነገረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹ ከረጢቶች፣ ሌሎቹ ምንጮች ላይ የታሰሩት፣ ምንም አላሳዩም፤ የሚፈለገው የእኛው ነበር። ባለቤቴ አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም።

"ከወንድ ጋር አውርተህ ሴት በምትቀዳው ምንጭ ውስጥ ዕቃ ትደብቃለህ፣ ልጄ? ለእኔ ብትነግረኝ እኔው እጠብቅልህ አልነበረም ወይ?" አለችው።

"እውነትዎን ነው፣ እማማ" አላት።

ከሰሉ አልቆበታል፤ የቆፋሪዎቹ መኪናም በቅርብ እንደሚመጣ ይነገር ነበር። የቀረው በርከት ያለ ቀለም በአንድ ጊዜ ማፍሰስና በዓይን መጠበቅ ነው። ቀለሙ ሲመጣ ልጅቱ በጠርሙስ ትቀዳለች። ነገር ግን ቶሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሲያልፍ ያልተቀዳ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ለዚህ የእኔ ፈቃድ ተጠየቀ። እኔ መጀመሪያ እምቢ አልኩ። መልኩ የተለወጠ ውሃ ለውዱእ እንዴት ይሆናል? ደግሞም ከተራራው የሚመጣ ውሃ ምን ቀለም ይነካዋል፣ ለከንቱ ድካም ነው አልኩ። ሼኩ ዘንድ ተሄደ። ውሃው እስኪጠራ በሌላ ውሃ ውዱእ አድርጉ፣ ሐይቁ ሙሉ ነው አሉ። እሳቸው ካሉ ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ቀድማ በየጀሪካኑ ሞላች።

ቀለሙ ፈሰሰ። ድንጋይ አጥኚው ለሌላ ጉዳይ ወደ ደሴ ሄደ። ልጅቱ እየተመላለሰች ምንጩን ታያለች፣ በመካከሉ ረግረጓ ጋ ትወርዳለች፤ ጫጩቶች የሚፈለፈሉበት ሰሞን ነበር። እኔ ሾላው ሥር ተቀመጥኩ። ጎረቤቴም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ምን ልታደርግ መጣህ አላልኩትም። በማግሥቱም እንዲሁ ተቀመጥን። ስለ በሬ ዋጋ፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጉልበት ሕመም አወራን። ስለ ውሃው አላወራንም።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አንዱ ዓይኔ ሞራ አለበት፤ ሌላውም ብዙ አይረዳኝም። ጎረቤቴ ግን እስከ ዛሬ ሐይቁ ላይ ያለውን ታንኳ ከእኔ ደጅ ቆሞ ይቆጥራል።

ከሰዓት በኋላ ነው። ልጅቱ ረግረጉ ጋ ነበረች። ጎረቤቴ ወሬውን በመካከል አቁሞ ውሃውን ተመለከተ።

"አየኸው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"አረንጓዴ ሆኗል።"

"ለእኔ ውሃ ነው።"

"ለእኔ አረንጓዴ ነው" አለና ዝም አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ልጅቱን ጥራት ልለው እችል ነበር፤ ራሴም ልጮህ እችል ነበር። ነገር ግን ያላየሁትን አየሁ አልልም። ጎረቤቴ በትሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ውሃውን ያይ ነበር። ዝም ቢል ከእኔ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም፤ ጉድጓዱም ሽንኩርቱም የእሱ ይሆን ነበር። ብዙ ቆየ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ወደ ረግረጉ ዞረ።

"ልጄ! ጠርሙስሽን ይዘሽ ነይ! የኔ ጅረት መጣልሽ!"

ወፎቹ ከፊላው ብር ብለው ተነሡ። ልጅቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ ቀድታ ከደነቻቸው፤ ከዚያም ወደ ደሴ ደወለች። ድንጋይ አጥኚው በስልክ የተናገረውን ደግማ ነገረችን፤ ጠርሙሶቹ ከተመረመሩና ነገሩ ከጸና ጉድጓዱ እዚያ ሜዳ ላይ አይሆንም፣ ሌላ ቦታ እንዲታይ ለቆፋሪዎቹ ይነግራቸዋል።

"ጉድጓድህስ?" አልኩት ጎረቤቴን።

"ይሂድ። ይህን ሁሉ ዘመን ውሸታም ስትለኝ ኖረህ፣ እውነቱ በዓይኔ ሲያልፍ ዝም ልበል? የግሸኗን፣ አላስቻለኝም።" ተመልሶ ተቀመጠ። "በል እንግዲህ፣ ተረታሁ በል።"

"ቀለሙን አላየሁትም።"

"ተረታሁ በል፣ ሰውዬ።"

"ባለቤቴ አይታ ትንገረኝ።"

ባለቤቴ ተጠርታ ወረደች። ጎንበስ ብላ በእፍኟ ዘግና አየችው፣ መልሳ ደፋችው። ጎመን የታጠበበት ይመስላል አለች።

"ተረታሁ" አልኩ።

ጎረቤቴ እንደሚስቅብኝ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሐሳብ እንደመጣለት ሰው አንገቱን ቀና አደረገ።

"ታዲያ ከብቶቼ የሚጠጡት እዚያ መስመጫው ላይ ቆመው እኮ ነው" አለ። "ከብት ደግሞ ቆሞ መጠጣት ብቻ አይደለም የሚያደርገው።"

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችው። ከአያቱ ጀምሮ ነው አላት። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ላይ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ ከቀዳችው ውሃ ውዱእ አድርጌ ሱብሒ ሰገድኩ። ከዚያ ገጀራዬን ይዤ ለመስመጫው አጥር የሚሆን የግራር እሾህ ከቤቴ ጓሮ ቆረጥኩ፣ አህያዬ ላይ ጭኜ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ጎረቤቴ ዶማ ይዞ መስመጫው ላይ ቀድሞኝ ቆሟል። ለበሬዎቼ በር ተውላቸው አለኝ። ከላይ በኩል፣ ጅረቱ ገና ሜዳው ሳይገባ ይጠጡ አልኩት። ሩቅ ነው አለ። አይርቅም አልኩ። እየተከራከርን የመጀመሪያውን ችካል ተከልን።