በዱቄት ከረጢት ላይ የሳልኳት ዋይ

ባሌ የባዮሎጂ መምህር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ምናልባት አያውቅ ይሆናል» ብላችሁ እንዳታዝኑለት ነው። ያውቃል። አሳምሮ ያውቃል።

የተዋወቅነውም በዚሁ በባዮሎጂ ነው። ሞጣ ገበያ አጠገብ፣ የእናቴ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን አስቀምጬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ነጭ የዱቄት ከረጢት ይዞ መጣና ተርትሬ፣ ገጣጥሜ፣ ጠርዙን እንድሰፋለት ጠየቀኝ። መምህራን የማስተማሪያ ሥዕል የሚሠሩበት በእሱ ነው፤ ወረቀት ወር ሳይሞላው ይቀደዳል፣ ከረጢት ግን ዓመት ይከርማል። ሰፍቼ ስሰጠው የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበትን ደብተር አየና «ጽሑፍሽ እንዴት ያምራል! ሥዕሉንም ብትሥይልኝስ?» አለ። እሺ አልኩ። መልኩም ደስ ብሎኛል፣ ምን ልዋሽ።

ከመጽሐፉ እያየሁ በማርከር ስስል ሁለት ቀንድ ያለው የበግ ራስ የመሰለ ነገር ወጣ። «ይኼ ደግሞ የምን በግ ነው?» ስለው እስከ ጆሮው ቀላ። «ማህፀን ነው» አለኝ ወደ መንገዱ እያየ። ከዚያ ድፍረት አገኘና ሁሉንም አስረዳኝ። ቀንዶቹ እንቁላሏ የምታልፍባቸው ቱቦዎች ናቸው። በወር አንዲት እንቁላል ትመጣለች፤ ከወንዱ የሚመጣው ዘር በሚሊዮን ነው፣ እንቁላሏ ውስጥ የሚገባው ግን አንድ ብቻ። ሃያ ሦስት ክሮሞዞም ከእናት፣ ሃያ ሦስት ከአባት። እናት ምንጊዜም የምትሰጠው ኤክስ ነው፤ አባት ኤክስ ከሰጠ ሴት፣ ዋይ ከሰጠ ወንድ። ዋይዋን በቀይ ማርከር ሳልኳት። «እንግዲያ ሴትም ወንድም የሚያደርገው ከአባትየው የሚመጣው ነዋ?» ብለው፣ «ጎበዝ! ምነው ተማሪዎቼ እንዳንቺ በሆኑ» አለኝ። በዚያው ዓመት ተጋባን።

የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አማቴ የሚኖሩት ቢቸና ነው፤ በስልክ ሲነገራቸው «እሰይ፣ እህትም ታስፈልጋለች» አሉ። ሁለተኛዋም ሴት ስትሆን «ተመስገን» ብለው ስልኩን ቶሎ ዘጉት። በእኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ሦስተኛዋን ወልጄ ከሆስፒታል ስገባ አማቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር፤ አንዴ እልል አሉና ጉሮሯቸውን ይዘው ሳሉ። የቀረውን ሁለት የሞላችልኝ እናቴ ናት።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ልጆቹን ይዘን ቢቸና ወረድን። ዶሮው እየተበላ ሳለ አማቴ በሆዳቸው የያዙትን አወጡት። «ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ያንቺ ማህፀን ደግሞ ሴት ለምዷል። አራተኛዋም ሴት ከሆነች ልጄ ሌላ ያገባል፤ ቅር እንዳይልሽ» አሉኝ። ቅር እንዳይልሽ! በባሌ ፊት፣ በልጆቼ ፊት።

እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «እማማ» አልኳቸው፣ «ጤፍ የዘራ ገበሬ ገብስ አልበቀለልኝም ብሎ መሬቱን ይከሳል እንዴ? ሴት ወይ ወንድ የሚለየው ከልጅዎ በሚመጣው ዘር ነው። ትምህርቱ የሚለው እንዲህ ነው።» ግማሹን እኔም እንደማዋጣ አውቃለሁ፤ ግን በሚገባቸው ልናገር ብዬ ነው።

አማቴ አልተቆጡም። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ። እውነት ነው የምትለው?»

ከእሱ የምፈልገው አንዲት ቃል ነበረች። «እውነት ነው» ማለት ብቻ። በየዓመቱ ለስንት ክፍል ተማሪ የሚያስተምረውን፣ ፈተና ላይ አውጥቶ ያልመለሰውን ዜሮ የሚሰጥበትን ነገር! የያዘውን አጥንት አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገና «እማዬ፣ እሱ እንኳ የፈጣሪ ሥራ ነው» አለ።

«አየሽ?» አሉኝ አማቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወደ ሞጣ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅሁት። «እና በዚህ ዕድሜዋ እናቴን ክሮሞዞም ላስተምራት? ጥፋቱ የእኔ ነው ልበላት?» አለኝ። «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው?» አልኩት። «ማንም አላጠፋም።» «እሱን ንገራቸዋ!» ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ፤ እኔስ ጮኼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ እያስቀበርኩ ኖርኩ። አማቴ በየበዓሉ ይጠይቃሉ፣ እሱ እንደልማዱ ይበላል። ያን ከረጢት ግን ሲያረጅ በአዲስ እየቀየርኩ መሳሌን አልተውኩም፤ አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ። በመጨረሻ «አንድ ጊዜ እንሞክር፣ እናቴ ሳትሞት» ብሎ ለመነኝና መከላከያውን ከክንዴ አስወጣሁ። ዘጠኝ ወር እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሥዕሉ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እሱን አያለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር የተወሰነው ገና በመጀመሪያዋ ቀን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ባሌም ያውቃል፤ ፍርዱን የምጠብቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንድ ሆነ። እልልታው ሰባትን አልፎ የት እንደደረሰ እኔ እንጃ።

በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሳ። ቤቴ በሰው ሞላ፤ የንስሐ አባታችን፣ የባሌ የሥራ ባልደረቦች፣ ጎረቤት፣ ከቢቸና አማቴና ወንድማቸው። እኒህ የባሌ አጎት ጠላቸውን ይዘው ተነሱና «ይኼ ልጅ የእናትህ ስለት ነው፤ እንዳትረሳ» አሉት። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ባሌ ሞቅ ብሎታል። «ስለቱም ይሁን አጎቴ፣ ሳይንሱ ግን ሌላ ነው የሚለው» አለ።

ጠላ የምቀዳበትን ጆግ ይዤ ባለሁበት ቆምኩ።

«ሴት ያላት ኤክስ ብቻ ነው። ዋይ ያለው ወንዱ ጋ ነው። ወንድ ልጅ የሚመጣው ከአባት ነው፤ እናት ልስጥ ብትልም የላትም!» አለና ደረቱን መታ መታ አደረገ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «የአባቱ ልጅ!» ይላል አንዱ፣ «ይኼ ነው ወንድ!» ይላል ሌላው።

ስንት ዓመት የለመንኩት ቃል ነው። ይኸው ወጣ። እኔ ስከሰስ አፉ ውስጥ ቀልጦ የቀረው፣ ምስጋና ሲከፋፈል ተገኘ። ሦስቱ ሴቶች የፈጣሪ ሥራ፣ አንዱ ወንድ የእሱ ሥራ።

ትልቋ ልጄ ለእንግዳ እንጀራ እየጨመረች ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ባዮሎጂ የሚያስተምራት እሱ ነው። ትሪውን አስቀመጠችና ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው እጇን አወጣች።

«ቲቸር» አለችው። ቤት ውስጥ «አባዬ» ነው የምትለው። «እኔንና እህቶቼንስ ሴት ያደረገን ማን ነው?»

ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። «ሂጂ፣ እንግዳ አስተናግጂ» አላት። አልሄደችም።

አማቴ ሕፃኑን እንደታቀፉ ቀና ብለው አዩት። «ያን ጊዜ ስጠይቅህ የፈጣሪ ሥራ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከመቼ ጀምሮ ነው ይኼን የምታውቀው?»

ጠላ እንድጨምርለት ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። እኔን አላየኝም።

ጆጉን አስቀምጬ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ከረጢት አወረድኩና አማቴ እግር ሥር ዘረጋሁት። «ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ያውቃል፣ እማማ። የሳልኩለት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ማንበብ አይችሉም። ቀንዳሙን ማህፀን ብዙ ቆይተው አዩት። «ይኼን ሁሉ ዘመን እያወቅህ እኔን ኃጢአት አስገባኸኝ» አሉት ልጃቸውን። የእኔን እጅ ያዙ።

አብረን ነን፣ አልተፋታንም፤ አራት ልጅ አለን። መስከረም ሲጠባ አዲስ ከረጢት ይዞ መጣና ማርከሩን የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠ። ጠርዙን ሰፍቼ መለስኩለት። ሥዕሉን ራሱ ሳለው። ማህፀኑ በግ እንኳ አይመስልም፤ ዋይዋን ግን በቀይ አድምቆ ጽፏታል።