በለጡ ከመጀመሪያው ማዕድ

ተፈረደላት። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ በቅድሚያ ይህን ያዙልኝ፦ ዛሬ እሑድ፣ በታኅሣሥ ወር 1971 ዓ.ም.፣ በመካነ ሰላም አዲሱ ሜዳ ላይ፣ በዘጠና ስምንት ሰው ፊት ተፈረደላት። በደስታና በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘቡኝ።

ለማን ተፈረደላት? ለበለጡ ነዋ። ገመድ ሻጯ በለጡ፣ በገበያ ቀን ከጨው ተራ ጫፍ የምትቀመጠው፣ ቀኝ እግሯ ከልጅነቷ የሰለለው። አህያ ያለው የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ እሷን ባያውቅ እንኳ ገመዷን ያውቃል። ግን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ደስታው አይገባችሁምና ታገሡኝ።

በለጡ የተወለደችው ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ይዟት ከረመና ሲለቃት እግሯን ይዞባት ሄደ። እግሯ ቀጠነ እንጂ እሷ ቁጭ አላለችም፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ቃጫ እየፋቀች ገመድ ትገምዳለች። ባሏ አራጌም ያገባት በገመዷ ነው። በሬው ከገደል አፋፍ ተንሸራቶ ሲንጠለጠል የእሷ ገመድ ሳይበጠስ ያዘለት። አራጌ በሬውን ስቦ እንዳወጣ፣ ይህን የገመደች እጅ ቤቴን ትያዝልኝ ብሎ ሽማግሌ ላከ።

በስድሳ አምስት ዝናቡ ቀረ። በስድሳ ስድስት ጎተራው ተጠርጎ አለቀና ባልና ሚስት ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት፣ ደሴ መንገድ ዳር ወደተተከለው መጠለያ ተጓዙ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ስትጠየቅ ቀን አትቆጥርም፤ አራት ሰው ቀብረን ደረስን ትላለች።

እዚያ በየማለዳው አንድ ሰው ከሰልፉ ፊት ይቆምና፣ የሚችል ወዲህ፣ የማይችል ወዲያ፣ ይላል። የሚችለው ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ይሸከማል፤ ማታ እህል ይሰፈርለታል። የማይችለው ግንቡ ሥር ተቀምጦ የተረፈ እስኪመጣ ይጠብቃል። በለጡ እችላለሁ አለች። ሰውየው እግሯን አየና በእጁ ግንቡን አሳያት። በማግስቱም እችላለሁ አለች፤ በማግስቱም ግንቡን አሳያት። አራጌ ማታ ማታ የተሰፈረለትን እያመጣ ለሁለት ይከፍላል። ኋላ ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ያዘው፤ ሦስት ቀን አልቆየም።

"እኔ ድንጋዩን ብሸከም ኖሮ እሱ ድርሻውን ሙሉ ይበላ ነበር" ትለኛለች አንዳንድ ቀን።  

ወደ አገሯ ስትመለስ መካነ ሰላም ላይ አቅሟ አለቀ። ተመስገን ነው፣ ያለቀባት ደግ ቦታ ላይ ነው። የአንድ ነጋዴ ሚስት ብርሀንነሽ ከመጋዘናቸው ጎን አንድ ጥግ ሰጠቻት፤ ስታገግም ደግሞ አንድ ነዶ ቃጫ ከፊቷ አስቀመጠችላት። ከዚያ ወዲህ በለጡ በየመስከረሙ የዓመቱን የመጀመሪያ ገመድ ለብርሀንነሽ ትሰጣለች። ብርሀንነሽ የምታስረው ላም የላትም። ገመዶቹን እልፍኟ ግድግዳ ላይ ሰቅላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣ። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቀበሌው የወጣቶች ማኅበር አቋቋመ፤ ጀብሪልም ሊቀ መንበር ሆነ። ጀብሪል ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደሴ ተምሮ የመጣ፣ አንድ ፊሽካና አንድ የቆዳ ኳስ ያለው፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ፣ ልቡ ግን ቅን የሆነ ልጅ። ከጥምቀት በኋላ የከላላ ቡድን ሊመጣብን ነው፣ እኛ ግን ሜዳ የለንም። ያለን ከከተማው በታች ያለ፣ ድንጋይ እንደ እህል የበቀለበት ተዳፋት ነው። ስለዚህ ጀብሪል ድንጋዩን ለማንሳት ጅጌ ጠራ፤ ደቦ ማለት ነው።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ጅጌ የጠራ ሰው ያበላል። ጉልበቱን ይዞ ለመጣ ሁሉ ንፍሮውን፣ ጠላውን፣ ለሙስሊሙም ብርዙን ያቀርባል። ጅጌ ወጥቶ ከድግስ ደጅ የተመለሰ ሰው ተሰምቶ አያውቅም፤ ይህ ከሚሰማ ጠሪው አገር ጥሎ ቢሄድ ይሻለዋል። የማኅበሩ ቤት ደግሞ ከአንድ ወንበርና ከአንድ መፈክር በቀር ምንም የለበትም። ጀብሪል ገበያ መሐል ቆሞ፣ ጓዶች፣ የምናበላችሁ የለንም፣ ድግሳችሁ ኳሱ ነው፣ አለ። እሱ ንግግር ማሳመሩ ነበር። እኛ ቃል ነው ብለን ያዝነው።

ቀን መምረጡ ራሱ ሳምንት ፈጀ። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሰንበት፣ ሁለት ቀን ገበያ፣ ሌላው ቀን ሚካኤል። ረቡዕ ተረፈ። ሦስት ረቡዕ ወጣን፤ በለጡ ሦስቱንም መጣች። ትልልቁን ድንጋይ በገመድ ጠምጥማ እየጎተተች ታወጣዋለች፤ ጎረምሶቹ አይተዋት ከእሷ እየገዙ ይጎትቱ ጀመር። ለግቡ አግዳሚ የሚሆን ረጅም እንጨት ሲታጣም ከቋሚ ቋሚ የተወጠረው የእሷው ገመድ ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ሜዳው ሊመረቅ ተሰበሰብን። ጀብሪል የጠበቀው ሃያ ሠላሳ ጎረምሳ ነበር። ጅጌ የወጣው ሁሉ መጣበት። ሽማግሌው መጣ፣ ባልቴቷ መጣች፣ አንድ ዓይናው ሸማኔ መጣ። ጀብሪል ግራ ገባውና ፊሽካውን ነፋ፤ ከዚያ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ የሚችል ወዲህ፣ የማይችል ወዲያ፣ አለ።

ሰዉ መንቀሳቀስ ጀመረ። አዛውንቱም፣ ሴቱም፣ ሸማኔውም ወዲያ ሄዱ። በለጡ ከሜዳው መሐል አልተነቃነቀችም። ጀብሪል ያልሰማችው መስሎት ተጠጋና፣ እትዬ በለጡ፣ እባክዎን ወደዚያ፣ ኳስ ቢመታዎ የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ አላት።

"ይህን ቃል በስድሳ ስድስት ሰምቸዋለሁ" አለችው ቀስ ብላ። "ያን ጊዜ ወዲያ ሄጃለሁ። ዛሬ አልሄድም። ሽማግሌ ይፍረደን።"

ጀብሪል በስድሳ ስድስት ልጅ ነበር፤ ቢሆንም ምን ማለቷ እንደሆነ ገባው። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ግን እሱም ጭንቅ አለበት።

ሼህ አህመድና ቄስ ንጉሡ እኛው ለቅመን በከመርነው ድንጋይ ላይ ለዳኝነት ተቀመጡ። ጀብሪል አስረዳ፦ ኳስ የአሥራ አንድ ሰው ጨዋታ ነው፣ ሕጉም እኔ ያወጣሁት አይደለም፣ ልምምድ ሳናደርግ ከላላ ቢያሸንፈን በገበያ ማን ቀና ብሎ ይሄዳል፣ አለ። ሐሰት የለበትም። የበለጡ አቤቱታ ግን አንዲት ነበረች፦ ጅጌ ወጥቼ ከድግሱ ማን ይመልሰኛል?

ሼህ አህመድ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ልጄ ጀብሪል፣ ድግሱ ምንድን ነው ያልከን?"

"ኳሱ ነው ብያለሁ፣ ሼኽዬ።"

"እንግዲያውስ አቅርብ።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጀብሪል እየሳቀም እየተጨነቀም፣ አንድ ኳስ ለዘጠና ስምንት ሰው እንዴት ይደርሳል አለ። ቄስ ንጉሡ መለሱለት፤ ድግስ ላይ መቼ ሁሉም ባንዴ ይቀርባል፣ በየማዕዱ ነው እንጂ። እንዲህም ብለው ፈረዱ፦ አሥራ አንድ ሰው አንድ ማዕድ ይሁን፣ ሁለት ሁለት ማዕድ እየተጋጠመ በየተራው ይጫወት። የከላላውን ጨዋታ ጀብሪል የመረጣቸው ይጫወቱ፤ እሑድ እሑድ ግን ሜዳው የጅጌው ነው። በድግስ ወግም አዛውንትና አቅመ ደካማ ቀድሞ ይቀመጣል፣ ጎረምሳ ቆሞ ያሳልፋል።

በለጡ አሁንም አልተነቃነቀችም። "በደካማነት ከሆነ ይቅርብኝ" አለች። "የምገባው በጅጌዬ ነው።"

"በጅጌሽ ነው፣ ልጄ" አሉ ሼህ አህመድ። "የተናገርነውን እናርመዋለን። በጅጌሽ።"

ጀብሪል ከደብተር ቅጠል ገንጥሎ የመጀመሪያውን ማዕድ ይጽፍ ጀመር። ሦስት ስም ጻፈና አራተኛውን ማንንም ሳይጠይቅ ጻፈ። ምን ብለህ ጻፍከኝ አለችው። በለጡ፣ ተከላካይ፣ ብሎ አነበበላት። ተከላካይ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ወደ ግባችን የሚመጣውን ኳስ የምትመልስ ናት አላት።

"እሱን እችላለሁ" አለች።

ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ ከገመዷ ፊት ቆመች። ሼህ አህመድ የዚክር መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ከኋላዋ ግብ ጠባቂ ሆኑ። ቄስ ንጉሡ ከሁለተኛው ማዕድ ናቸው፤ ኳሱን ሲያገኙ፣ ሼኽዬ እኔ ጿሚ ነኝ፣ ገፍተው እንዳይመጡብኝ፣ አሉ። ሼህ አህመድም፣ ጾሙ የሆድ ነው፣ እግርዎን ማን አስጾመው፣ ብለው መለሱ።

ኳስ ወደ በለጡ ሦስት ጊዜ መጣ። የመጀመሪያው አለፋት። ሁለተኛውን በሰለለው እግሯ ቆማ በደህናው ልትመታ ስትሰነዝር ወደቀች። ሁለት ሰዎች ሊያነሷት ሮጡ፤ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸውና ራሷ ተነሳች። ሦስተኛውን አገኘችው። እንዴት አድርጋ አገኘችው! ኳሱ በቄስ ንጉሡ አናት ላይ አልፎ፣ አጥር ተሻግሮ፣ የሰው ጤፍ ክምር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ መሰላል እስኪመጣ ጨዋታው ቆመ።

ማን አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ሼህ አህመድ ላይ ሁለት ገባ የሚል አለ፣ ሦስት ነው የሚል አለ፣ እሳቸው አንዱንም አያምኑም። እኔ አምስተኛው ማዕድ ላይ ነበርኩ፤ ኳሱን ሁለት ጊዜ ነካሁት፣ አንዱ በስሕተት ነው።

ግን የበለጡን ልጨርስ። ተራዋ ሲያልቅ ላቧን በነጠላዋ ጠርጋ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ ወደ ጀብሪል ሄደች። ከድግስ የሚወጣ ሰው ለባለቤቱ እንደሚለው፣ "ጠግቤአለሁ፣ አብዝቶ ይስጥህ" አለችው።

ጀብሪል ደሴ ቢማርም የዚሁ አገር ልጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "ምን ቀመሱና፣ ይጨምሩ እንጂ" አላት።

እሷም አላንገራገረችም። አራተኛው ማዕድ ላይ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ሲያመው ገብታ ጨመረች።

ከሰዓት በኋላማ ጉድ ነው የሆነው። ጅጌውን ያልወጡት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ምራቃቸውን ሲውጡ ሽማግሌዎቹ አዘኑላቸው። በታችኛው ጥግ ገና ያልተነሳ ድንጋይ ስላለ፣ አንድ አንድ ተሸክሞ የመጣ ጅጌ ወጥቷል ተባለ። ወዲያው አሥራ አንድ ሰው ድንጋይ ታቅፎ መጣ። አሁን መቶ ዘጠኝ ሆነናል፤ አሥረኛው ማዕድ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

ጎረቤቴ ሸጋዬ ስድሳ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቴ አረጀ እያለች ዛሬም ከቤት አልወጣችም። ጉልበቱ ያረጀ ሰው በዚህ ድግስ ፊተኛ እንደሆነ ማን ነግሯት? ድንጋዩን እኔ አብሬያት አነሳለሁ። በአጥር በኩል ልጥራት ነበር፣ ግን ትንሽ ጆሮዋ ከብዷል። ሌላ ሰው ቦታውን ሳይዝባት ሮጬ ልንገራት፤ በሉ ሄድኩ።