ቁጭ ብለው ይናገሩ

ከአሁን በፊት ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ለእናቴ ወደ ገጠር የላክሁት ደብዳቤ ብቻ ነው። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ቢሮአችን የተቀጠሩት ልጆች “ያኔ እንዴት ነበር?” ሲሉኝ አፌ ይተሳሰራል። በጽሑፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

የተቀጠርኩት ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ በተላላኪነት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰማያዊ ጋዋን ሰጡኝና “ሂጂ፣ ጨርቅ ቆራጩን ከበደን ጥሪው” አሉኝ። አዳራሹ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ መጥራት አፈርኩ። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ለካ መባረሩን ሊነግሩት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ብቅ ባልኩ ቁጥር ሰፊዎቹ “መልአከ ሞት መጣች! ዛሬስ ተራው የማን ነው?” ይሉኝ ጀመር። ይስቃሉ፤ ግን ስም እስክጠራ ድረስ የአንዳቸውም ማሽን አይሠራም።

እትዬ ዘነበች ብቻ አይስቁብኝም። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወሎ ሰፈር ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ኮሌታ ሰፊ ነበሩ። “ተዉአት እስቲ! ተልካ እንጂ ወዳ መጣች?” ይሉልኛል።

በዚያን ጊዜ የሚባረር ሰው ቆሞ ይሰማና ይወጣል። ይህን የለወጡት አዲሱ ኃላፊ አቶ መኮንን ናቸው። ውጭ አገር በሠራተኛ አስተዳደርና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ገና መመለሳቸው ነበር። በመጡበት ሳምንት ጠሩኝ።

“አንድ ወንበር ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት አድርጊልኝ።”

“ለእንግዳ ነው?”

“ለሠራተኛ። ሰው ቃሉን ሳይሰጥ አይባረርም። ቃሉን ደግሞ እንደ ወንጀለኛ ቆሞ አይሰጥም።”

እውነትም ብዙ ሰው ዳነ። ሚስቱ ወልዳ የቀረው፣ ታሞ የሐኪም ወረቀት ያላመጣው፣ ቁጭ ብሎ ተናግሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። መልአከ ሞት መባሉም ቀረልኝ።

አንድ ጊዜ እትዬ ዘነበች ሳምንት ሙሉ ጠፉ። ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሲመለስ መገናኛ ላይ ለውትድርና አፍሰውባቸው፣ እሳቸው እስከ ማሠልጠኛው ድረስ ተከትለው ሄደው ነበር። ሲመለሱ ጥሪ ወጣባቸው። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

“ምን ልበል? አሞኝ ነበር ልበል ይሆን?”

“አይፍሩ እትዬ። እሳቸው ሰው ያዳምጣሉ” አልኳቸው።

ስንገባ የፓርቲው ተጠሪም ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንዳንድ ቀን እንዲህ መጥቶ ይቀመጥ ነበር። አቶ መኮንን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተቀበሏቸው።

“ቁጭ ብለው ይናገሩ፣ እናቴ። ምክንያትዎ እውነተኛ ከሆነ ሕጉ ይጠብቅዎታል።”

እትዬ ዘነበች አመኗቸው። “ልጄን ከመንገድ አፍሰው ወሰዱብኝ። ገና ልጅ ነው፣ ጢም እንኳ አላወጣም። እንዲመልሱልኝ ልለምን ሄጄ ነው። ዓይኑን እንኳ አላሳዩኝም” አሉ።

“አፍሰው?” አለ ተጠሪው። “ጤፍ ነው እንዴ የሚታፈሰው? እናት አገር ልጇን ጠራች እንጂ!”

“ጓድ፣” አሉ አቶ መኮንን፣ “በሕጉ ይህ በቂ ምክንያት…”

“ጓድ መኮንን፣ የመቅረቷን ጉዳይ ተወው። አሁን የያዝነው የፀረ አብዮት ወሬ ነው። አንተም ከማን ጋር እንደምትቆም አስብበት።”

አቶ መኮንን ፊታቸው የነበረውን የሕግ መጽሐፍ ዘጉት። እትዬ ዘነበች አሞኝ ነበር ቢሉ ኖሮ በማስጠንቀቂያ ይታለፉ ነበር። እውነቱን በመናገራቸው በዚያው ቀን ተባረሩ። ልጁም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ስጠራ፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንዳለ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። እናንተም ንገሩት።

የዚያን ዕለት እትዬ ዘነበችን እስከ ዋናው በር የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ጋዋናቸውን አጣጥፈው ሰጡኝ። እንባዬ እየቀደመኝ፣ “ይናገሩ ያሉዎት አቶ መኮንን አይደሉ እንዴ? እንዴት ዝም ይላሉ?” አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ “አትቀየሚያቸው ልጄ” አሉኝ። “እሳቸው እኮ የተማሩት ሌላ አገር ነው።”